ጋሽ ይማም እና የሐጂ ሙስጠፋ ሞተር

ስልኬ የጮኸው ጠዋት ጋራዤን ከፍቼ ቱታዬን ስለብስ ነበር። የጋሽ ይማም ልጅ ዘሃራ ናት። «ጋሼ ካሳሁን…» አለች። «አባባ ወደ አኼራ ሄዱ። ሱብሂን ሰግደው እዚያው መስገጃቸው ላይ ጋደም አሉ፣ በቃ። ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው፤ ድረስ።» ደሴ ያለው ጋራዤ ውስጥ ሞተሩ የተፈታ መኪና ቆሞ ነበር። የማን እንደሆነ እንኳ ዞሬ ሳላይ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለመውረድ ሐረጎን ማለፍ ግድ ነው። ጠመዝማዛውን እንደጀመርኩ ዓይኔ እንባ ሞላና መንገዱ ጠፋኝ። ወደ መሃል ግድም፣ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ብሎ፣ ሁለት መኪና የምታስቆም ሜዳ አለች። እዚያ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ለማልቀስ ብዬ አይደለም የቆምኩት፤ እጄ ራሱ ነው መሪውን ወደዚያ የወሰደው። ከጋሽ ይማም ጋር በሰራሁባቸው ዓመታት ያደስነውን ሞተር ሁሉ እዚያች ሜዳ ላይ ሳናቆም ለባለቤቱ አስረክበን አናውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ናት፣ አየሯ ወፍራም ነው። ደሴ ደግሞ ከላይ ተሰቅላ ብርዷና ስስ አየሯ ለሰውም ለመኪናም አይመችም። ኮምቦልቻ ላይ ካርቡሬተሩ የተስተካከለ የቤንዚን መኪና ደሴ ሲደርስ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይስላል። ደሴ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይንተከተካል፣ ይግላል። ስለዚህ ሹፌሩ ሁሉ ሁለት መካኒክ ነበረው። የላዩ ይፈታል፣ የታቹ ያጠብቃል፤ የላዩ የታቹን ይረግማል፣ የታቹም የላዩን። ጋሽ ይማም ግን ካቻቢቴያቸውን በኪሳቸው ይዘው ሐረጎ መሃል ድረስ ይወጡና እዚያ ያስተካክላሉ። «ይህች መኪና የሁለቱም ከተማ ናት። ለአንዱ አድልቼ ሌላውን አላስቀይምም» ይላሉ። ሲስቁባቸው ከርመው በኋላ የደሴ ሹፌር ሁሉ ቦርከና ድልድይ አጠገብ ያለችውን ጋራዣቸውን እየጠየቀ መምጣት ጀመረ።

ረዥም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ቆባቸው ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ የአውራ ጣታቸው የግሪስ አሻራ አለ። እጃቸው ግን! ምን ልበላችሁ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ እንደሳቸው ንጹሕ እጅ ያለው መካኒክ አላየሁም። በቀን አምስቴ ለሶላት ይታጠባሉ፣ ውዱ ያደርጋሉ። ግሪስ ካለ ውኃው ቆዳ ስለማይነካ ውዱው አይሆንም እያሉ፣ መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በአጃክስ ሳሙና፣ ከዚያ በውኃ፣ እስከ ክርናቸው ይፈትጉታል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ የታጠበ እጅ፣ ጣቶቹ ከሴት ጣት የለሰለሱ ነበሩ። በነዚያ ጣቶች የሞተሩን ክዳን ዳበስ አድርገው «አብሽር፣ እንሰማሃለን» ይሉታል፤ ለመኪናው ነው እንግዲህ።

ኮፈን ቶሎ አይከፍቱም። ሹፌሩ ሲመጣ መጀመሪያ ወንበር ይሰጡታል። «በል ንገረኝ» ይላሉ። መቼ ጀመረው? ሽቅብ ነው ቁልቁል? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? መጨረሻ ማን ነካው? ሹፌር መዋሸት ይወዳል፤ ሞተሩን ውኃ ሳይጨምር አቃጥሎት «ዝም ብሎ ቆመ» ይላል። ጋሽ ይማም አይቆጡም። ዓይን ዓይኑን እያዩ ይጠብቃሉ። ዝምታው ሲከብደው ራሱ ይዘረግፈዋል። እኔ በዚህ እናደድ ነበር። አፌም እጄም ፈጣን ነው፣ ወዲያው ገብቼ መፍታት ነው የምፈልገው። «ካሳ፣ አንተ ሞተሩን ትፈታለህ፤ እኔ ነገሩን ልፍታ» ይሉኛል፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ የሐርቡ ሰው መኪናዬ ውስጥ ቅጭልጭል የሚል ነገር አለ ብሎ መጣ። ሦስት ጋራዥ ገብቷል፤ አንዱ የኋላ አክሱን አስፈትቶታል። ጋሽ ይማም አጠገቡ ተቀመጡና «ሂድ» አሉት። ሐርቡ ደርሰው እስኪመለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲወርዱ እጃቸውን ከሹፌሩ መቀመጫ ስር ሰደዱና አንድ የሻይ ብርጭቆ አወጡ። «ሻይ ቤቱ ሲፈልገው ነው የከረመው፤ መልስላቸው» አሉት። ሰውየው በሳቅ መሬት ወደቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ስለተፈታው አክስ ነው የተናደዱት። «ሰው ሳይሰማ እንዴት ይፈታል?» እያሉ እስከ ማታ ሲያጉረመርሙ ዋሉ።

እኔ ወደሳቸው የመጣሁት የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኜ፣ ሚስት አግብቼ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ባጃጅ ገና ከተማውን አልሞላም። ቤተሰቤ ጴንጤ ነው፣ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሰዉ «አንዱ ሲሰግድ አንዱ ሲዘምር ሞተሩን ማን ሊሰራው ነው?» እያለ ይቀልድብን ነበር። ጋሽ ይማም ግን የመጀመሪያውን ቀን ነገሩን ጨረሱት። «እሁድ ያንተ፣ የጁምዓ ሰዓት የኔ። ሌላውን አብረን እንሰራለን። መርሐባ?» አሉኝ። «መርሐባ» አልኩ። ወሎ ውስጥ በዚህች ቃል ከተስማማህ ወረቀት አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደዚያ ጉዳይ ልምጣ። ብዞረው ብዞረው አላልፈውም።

ሐጂ ሙስጠፋ የደሴ ነጋዴ ናቸው። አያታቸው ከየመን መጥተው ፒያሳ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እሳቸውም እዚያው ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ የተከበሩ ሰው። ከኮምቦልቻ ጣቃ ጭና ደሴ የምትወጣ አሮጌ ነጭ ፒካፕ ነበረቻቸው። ዘይት መጠጣት ስትጀምር አመጧት። ሞተሩን አውርደን ሁለት ሳምንት ሙሉ አደስነው።

መጨረሻው ቀን ዓርብ ዋለ። ጋሽ ይማም ለጁምዓ ሲታጠቡ «ካሳ፣ ማኒፎልዱንና ካርቡሬተሩን አንተ ግጠም፤ ስመለስ እናስነሳታለን» አሉኝ። ማኒፎልድ የምንለው ከካርቡሬተሩ የሚመጣውን አየርና ቤንዚን ለአራቱ ፒስተኖች የሚያከፋፍለውን ባለ አራት ክንድ ቧንቧ ነው። ሲወልቅ አቧራ እንዳይገባው አፉ ይሸፈናል። ጋሽ ይማም በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም፤ የሞተር ቀዳዳ በጨርቅ አይወተፍም። «ካርቶን ከላይ አድርግበት። ካርቶን ይታያል፣ ጨርቅ ይደበቃል» ነው የሚሉት። እኔ ያን ቀን ካርቶን ልፈልግ ሰነፍኩ። ከአሮጌ ሸሚዜ የቀደድኳትን ባለ ሰማያዊ መስመር ቁራጭ ጠቅልዬ ሁለቱ ክንዶች በሚገናኙበት ቀዳዳ ውስጥ ወተፍኳት። ከዚያ አንድ ሹፌር መጥቶ በወሬ ያዘኝ። እሱን ሸኝቼ ስመለስ ማኒፎልዱን አንስቼ ገጠምኩት። ጨርቋን አላወጣኋትም፤ መርሳቴም በወቅቱ ትዝ አላለኝም።

ሞተሩ ተነሳ። ደስ አለን። ግን ትንሽ ይንዘፈዘፋል፣ ብርድ እንደያዘው ሰው። ሜዳ ላይ ደህና ሄደ። ሐረጎ መሃል ቆመን ጋሽ ይማም ካቻቢቴያቸውን ይዘው ከወትሮው በላይ ቆዩበት። ፊታቸው አልፈታ አለኝ። «የፒስተኖቹ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አዲስ ነው፣ ትንሽ ሲሰራ ይለማመዳል» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ሙስጠፋ ራሳቸው ከሹፌራቸው ጋር መጡ። ጣቃ ጭና የሐረጎ መጀመሪያ ኩርባ ላይ እያስነጠሰች ቆማለች። ጉልበት የላትም። እዚያ የነበረ ሹፌር ሁሉ ባንድ አፍ «የደሴ አየር ነው!» አለ። ጋሽ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሩ ለሁሉም መኪና አንድ ነው። የሐጂን መርጦ አይመታም» አሉ።

ፍለጋ ጀመርን። እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች አወጣን፤ ሁለቱ እንደሚገባ ነድደዋል፣ ሁለቱ ደግሞ መልካቸው ሌላ ነው። የነዚያን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ይዘው ሞተሩን አስዞሩኝ፤ ግፊቱ ደህና ነው። ቫልቮቹን ለካን፣ ደህና። እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት አየን፣ ደህና። ካርቡሬተሩን ሁለቴ ፈትተን አጠብን። ሁለቱ ፒስተኖች የሚበሉትን እያጡ እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ማን እንደሚከለክላቸው ነው የጠፋቸው። በመጨረሻ ማኒፎልዱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ሐጂ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለት ሦስት ሹፌሮች ቆመዋል።

«ካሳ፣ ይህን ስትገጥም ውስጡን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ምንም አልቀረበትም?»

በሰው ፊት መጠየቄ ደሜን አፈላው። ጀማሪ ነኝ እንዴ? «ጋሽ ይማም፣ በጌታ ስም! ምንም የለበትም አልኩዎት!» አልኩ።

እኛ ቤት መማል ነውር ነው። አባቴ «አዎን ከሆነ አዎን በል» ብሎ ነው ያሳደገን። ጋሽ ይማም ይህን ያውቃሉ፤ በስንት ዓመት አንድ ቀን ስምል አልሰሙኝም። ቀና ብለው አዩኝ። «መርሐባ» አሉና እጃቸውን ከማኒፎልዱ ላይ አነሱ። ስምንት ቡሎን ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ለሳቸው ግን ሰው በፈጣሪው ስም ከማለ በኋላ ያንን ቦታ መፍታት ሰውየውን ውሸታም ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሞተሩን በሌላ በኩል ሁሉ ፈለጉት፤ እዚያ ቦታ ግን አልተመለሱም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እዘምራለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ። እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ ያቺ ባለ ሰማያዊ መስመር ቁራጭ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ስጠቀልላት፣ ስወትፋት። ሳወጣት የሚለው ላይ ባዶ ነው። ዙሪያዬ ሰው ሃሌሉያ ይላል፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ሚስቴ «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኩ። ያን ሰሞን ሁለተኛው ውሸቴ መሆኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልነግራቸው ወስኜ ነው የሄድኩት፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ስደርስ ሐጂ ሙስጠፋ በሩ ላይ ቆመው ይቆጣሉ። «ይማም፣ ያ ሰውህ አንድ ነገር ረስቶ ይሆናል!» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ይማምም «ሐጂ፣ እሱን ተዉት። በጌታው ምሎልኛል። ጥፋት ካለ የኔ ነው እንጂ የካሳ አይደለም» አሏቸው። እግሬ እዚያው ተተከለ። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልናገር? ጋሽ ይማም ስለኔ ይህን ከተናገሩ በኋላ ሐጂን በምን ዓይን ያዩዋቸዋል ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ። እውነቱ ግን ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ በቃ። ሐጂ መኪናቸውን አስነስተው እያስነጠሰች ይዘዋት ሄዱ።

በሳምንቱ አንድ የደሴ ሚኒባስ ረዳት ጥቁር ፌስታል አምጥቶ ሰጣቸው። «ደሴ ያሉት መካኒኮች ናቸው የላኩት። የረሱትን ዕቃ መልሱላቸው ብለዋል» አለና እየሳቀ ሄደ። ጋሽ ይማም ፌስታሉን ፈቱ። በቤንዚን የራሰች ቁራጭ ጨርቅ። ባለ ሰማያዊ መስመር።

የኛ ጋራዥ ጨርቅ ሁሉ ከፋብሪካ የሚገዛ ነጭ ብጣሽ ነው። ያንን ሸሚዝ ደግሞ ሦስት ዓመት ለብሼው አጠገባቸው ሰርቻለሁ። ወዲያው ነው ያወቋት። ቀና ብለው ያዩኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላዩኝም። ዙሪያቸው የተሰበሰበው ሰው «ምንድነው? የማን ነው?» ሲል «የኔ ነው። ጋራዡ የኔ፣ ጨርቁም የኔ» አሉ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እጃቸውን በናፍጣ ታጥበው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ወሬው ሐረጎን ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። «ይማም ሞተር ውስጥ ሸሚዝ ረሱ!» ደሴ ሻይ ቤት ሁሉ ተሳቀበት። «አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል» ተባለ። የሚታደስ ሞተር የሚያመጣ ሰው ጠፋ። የሚመጣም ሲኖር እሳቸው ራሳቸው ይመልሱታል። «እንግዲህ እኔን ፍሬንና ዘይት መቀየር ይበቃኛል» አሉ። ያቺ የሐረጎ ሜዳም ቀረች። የታደሰ ሞተር ከሌለ ምን ሊሰሩ ይወጣሉ? ሐረጎ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ሲያዳምጡ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ሰላም ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ያንን ነው የወሰድኩባቸው። ስማቸውን ብቻ አይደለም።

እኔን አላባረሩኝም። ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ማታ ማታ ጋራዡን ስንዘጋ ግን ቁልፉን በእጃቸው ይዘው «ካሳ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?» ይሉኛል። ለሹፌሮቹ እንደሚያደርጉት፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «የለም፣ ጋሽ ይማም» እላለሁ። «መርሐባ። ደህና እደር።» አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ። ሌላው ሹፌር ሁሉ አምስት ደቂቃ የማይችለውን ዝምታ እኔ ዓመት ቻልኩት፤ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆንኩ እንጃ።

ከዚያ ደሴ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩና ለቀቅሁ። መርቀው ሸኙኝ። በየዒዱ እየወረድኩ እጠይቃቸው ነበር። ልጆቼን በስም እየጠሩ ይጠይቁኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፣ ያቺን ጥያቄ ግን ዳግም አልጠየቁኝም። እሱ ነው ይበልጥ የጎዳኝ። ብዙ ጊዜ ግቢያቸው በር ላይ ቆሜ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ብዬ ምዬ ገብቻለሁ። ፈገግ ብለው ሲቀበሉኝ፣ «ካሳዬ መጣህ?» ሲሉኝ፣ ያችን ፈገግታ ማጣት አልሆነልኝም። ዒድ ደግሞ ይመጣል፣ ጊዜ አለ እያልኩ። ይኸው ጊዜ የለም። ናፈቁኝ! ገና ሳይቀበሩ፣ እዚያ ሐረጎ ጠርዝ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ እንደ ሕፃን ናፈቁኝ።

ኮምቦልቻ ስደርስ ዙህር ተሰግዶ ሕዝቡ መስጊዱ በር ላይ ተሰብስቧል። እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። ግማሹ ሹፌር ነው። ጀናዛው ከፊት ተቀምጧል። ዘሃራን ከሩቅ አየኋት፤ ሴቶቹ መካከል ሆና ራሷን ነቀነቀችልኝ። ሐጂ ሙስጠፋም አሉ፣ አርጅተው በከዘራ ቆመዋል።

አንድ ሽማግሌ ሸህ ከጀናዛው አጠገብ ቆሙ። ሟች ከመነሳቱ በፊት ሕዝቡን መጠየቅ ልማድ ነው።

«ጀመዓ! ይማም አብሮን የኖረ ሰው ነው። ሰው ነውና አጥፍቶ፣ አስቀይሞ ይሆናል። ሐቅ አለኝ የሚል ይናገር፣ ቤተሰቡ እዚህ አለ። ሌላችሁ ደግሞ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት፤ በምድር የሚይዘው ሰው እንዳይኖር።»

«አውፍ ብለናል!» አለ ሕዝቡ።

ሐጂ ሙስጠፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደፊት መጡ። «እኔም የዚያችን የመኪናዬን ነገር አውፍ ብዬዋለሁ። አላህ ይዘንለት» አሉ።

ያኔ ከውስጤ አንድ ነገር ተፈነቀለ። «ሐጂ፣ የሳቸው አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። «እኔ ነኝ! ጨርቁን የወተፍኩት እኔ ነኝ፣ በጌታ ስም በሐሰት የማልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ያውቁ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እያወቁ…» ሐጂ ሙስጠፋ ከዘራቸውን ይዘው ወደኔ አንድ እርምጃ መጡ። ከሹፌሮቹ መካከል አንዱ «ያ አላህ!» ሲል ሰማሁ።

ሸሁ ሕዝቡን በእጃቸው ጸጥ አሰኙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይህ ያንተና የሐጂ ጉዳይ ነው፤ በኋላ ተነጋገሩበት። እኔ አሁን የምጠይቅህ ስለ ይማም ነው። አውፍ ትለዋለህ?»

«እኔ? እኔ እሳቸውን?»

«አዎ፣ አንተ። ስንት ዓመት አብረኸው ሰርተሃል። ፀሐዩ ከረረ፤ ሁሉም ሰው ሳይል አናነሳውም።»

«አውፍ ብያቸዋለሁ» አልኩ።

«አልሰማሁህም ልጄ፣ ጮክ በል።»

ደግሜ፣ ሕዝቡ ሁሉ እስኪሰማ፣ ጋሽ ይማምን ይቅር ብያቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ አነሷቸው።